ጋሰርን ጋሰር ያደረገው ሚዛኑ ነው

ስለ አሜሪካ የድሮ ዘመን የድራግ ውድድር ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «ስድሳ ዓመት የሞላውን መኪና ጎማህ ከዚህ አይስፋ፣ ካምቢዮህ በእጅ የሚቀየር ይሁን፣ ሞተርህን ከዚህ በላይ ወደ ኋላ አትግፋ እያሉ ማሰር ለምን አስፈለገ? ሁሉም የቻለውን ይግጠም፤ የቀደመ ያሸንፍ።» ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ መኪና የሚወዱ፣ እጃቸው ግራሶ የለመደ ሰዎች ናቸው። ደንብ ለእነሱ የፈጠራ ጠላት ነው። የድሮው ዘመን ውበት ልጆቹ ያለ ከልካይ በየጋራዡ ያሻቸውን መሥራታቸው ነበር ብለው ያምናሉ፤ የዛሬውን ደንብ አውጪም የዚያን ዘመን መንፈስ እንደሚገድል ሰው ያዩታል።

እኔ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ። እነዚያ መኪኖች ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያገኙት ደንብ ስለነበረባቸው ነው። አፍንጫቸው ወደ ሰማይ የቀና፣ ፊታቸው አጭር፣ ሞተራቸው ወደ ሾፌሩ ደረት የተጠጋ የሆነው አንድ የደንብ መጽሐፍ በቁጥር ስላጠራቸው ነው። ቅኔ ዘራፊው ጉባኤ ቃናን በሁለት ቤት መጨረስ ስላለበት ነው ሰም ከወርቁ የሚጠብቀው፤ ሦስተኛ ቤት ቢፈቀድለት ያን ያህል አይጨነቅም ነበር። ስለዚህ በዛሬዎቹ የድሮ ዘመን ምድቦች ውስጥ ከሁሉ በፊት መጠበቅ ያለበት ያ እገዳ ነው። እገዳው ከተነሣ የሚተርፈው ቆርቆሮው ብቻ ነው።

ሚዛንና ሜትር የወለዳቸው መኪኖች

የሆት ሮድ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበርን (ብዙዎች ኤን ኤች አር ኤ የሚሉትን) የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የማኅበሩ የመጀመሪያ ይፋዊ ውድድር በ1953 በካሊፎርኒያዋ ፖሞና ተደረገ፤ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሻምፒዮና ደግሞ በ1955 በካንሳስ ግሬት ቤንድ። ሩጫው ለማስረዳት የሚቀል ነው፤ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ይነሣሉ፣ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ገደማ፣ ቀጥ ብለው ይሮጣሉ፣ መጀመሪያ የደረሰ ያሸንፋል። ችግሩ «መጀመሪያ የደረሰ ያሸንፋል» ብቻ ከተባለ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ትልቁ ሞተርና ወፍራሙ ኪስ መሆኑ ነው። ከየጋራዡ የሚመጣውን ልጅ ሜዳ ላይ ለማቆየት ምድብ ያስፈልግ ነበር፤ ከእነዚህ ምድቦች ሁሉ ሕዝብ የወደደው «ጋስ» የሚባለው ሆነ። መኪኖቹም ጋሰር ተባሉ።

የጋስ ምድብ መሠረቱ መኪናው የመንገድ መኪና መምሰል አለበት የሚል ነው። መብራት፣ ፓራፋንጎ፣ የፊት መስታወት ይኑረው፤ የሚያቃጥለው ከማደያ የሚቀዳ ቤንዚን ይሁን። ከዚያ በኋላ ሁሉን የሚወስን አንድ ስሌት ይመጣል፤ የመኪናው ክብደት በፓውንድ፣ ለሞተሩ ይዘት በኪዩቢክ ኢንች ይካፈላል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ8.60 እስከ 10.59 የደረሰው ምድቡ ቢ፣ ከ10.60 እስከ 12.59 የደረሰው ምድቡ ሲ ነበር። አንድ የ1955 ሸቭሮሌ እንውሰድ። ክብደቱ 3,100 ፓውንድ፣ ሞተሩ 283 ኪዩቢክ ኢንች (4.6 ሊትር) ቢሆን ውጤቱ 10.95 ነው፤ ምድብ ሲ ገባ። ባለቤቱ ሲሊንደሮቹን አስፍቶ ሞተሩን 301 ኪዩቢክ ኢንች ቢያደርሰው ስሌቱ ወደ 10.30 ይወርዳል፤ ሳያስበው ምድብ ቢ ውስጥ፣ ከእሱ ከሚብሱ መኪኖች መሐል ይገኛል። አሁን ምርጫ አለው። 91 ፓውንድ፣ ማለትም 41 ኪሎ ገደማ ክብደት ጨምሮ ወደ ሲ ይመለስ? ወይስ ቢ ውስጥ ቆይቶ ከመኪናው ብረት ይቀንስ? ክብደት የሚጨምር ከሆነስ የት ያስቀምጠው? ከኋላ ጎማ በላይ ካደረገው የጨመረው ሸክም ራሱ መሬት መቆንጠጫ ይሆንለታል። ከአንዲት የማካፈል ስሌት ስንት ሐሳብ እንደሚወጣ ልብ በሉ። ይህ ሁሉ ጭንቀት ፈጠራ ይባላል፤ የወለደው ሚዛኑ ነው።

ሌሎቹ ገደቦችም እንደዚሁ ነበሩ። ሞተር ወደ ኋላ ሲገፋ ክብደቱ ወደሚነዱት የኋላ ጎማዎች ይሄዳል፤ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ደንቡ ግን በፊትና በኋላ አክስል መካከል ካለው ርቀት ከአሥር በመቶ በላይ መግፋት አይፈቅድም ነበር። ፈታሹ ሜትሩን ከፊት አክስል መሐል ጀምሮ እስከ መጀመሪያው ካንዴላ ቀዳዳ ይዘረጋል፤ ክርክር የለም። በሁለቱ አክስሎች መካከል 100 ኢንች ላለው የ1933 ዊሊስ አሥር ኢንች ይፈቀዳል ማለት ነው። ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ በርካሽ የሚገኝ፣ ቀላልና አጭር የነበረው ዊሊስ በድንገት የሜዳው ንጉሥ የሆነውም ለዚህ ነው። ደንቡን ያነበበ ሁሉ የሚፈልገው ቀላል ሣጥንና አጭር አካል ነበርና። ፍሬድ ስቶንና ቲም ዉድስ የሚባሉት የሎስ አንጀለስ ጥቁር አሜሪካውያን ባለቤቶች ከሾፌራቸው ዳግ ኩክ ጋር በ1941 ዊሊሳቸው አገር ያወቃቸው በዚሁ ምድብ ነው። ዘር የሰውን መንገድ ሁሉ በሚዘጋበት ዘመን ሚዛኑ የሚጠይቀው ፓውንድ ብቻ መሆኑ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

አፍንጫውን ያነሣው ጎማው ነው

ዛሬ ብዙ ሰው አሮጌ መኪና ገዝቶ ከፊት ለፊቱ ባሌስትራና ድፍን አክስል ያስገጥማል፣ አፍንጫውን ያነሣል፣ «ጋሰር ሠራሁ» ይላል። ያ ቁመት ለጌጥ የተፈጠረ ይመስለዋል። ነገሩ የጎማ ጉዳይ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ጥርስ አልባ የውድድር ጎማዎች የዛሬዎቹን ያህል መሬት አይይዙም ነበር፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሲለቅ ጎማው ተሽከርክሮ ይጨስና መኪናው ባለበት ይቀራል። መኪና ወደ ፊት ሲስፈነጠር ክብደቱ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል፤ የሚንጠለጠለው ክብደት መጠን ደግሞ የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት በራቀ ቁጥር፣ አክስሎቹም በተቀራረቡ ቁጥር ይጨምራል። ጎማው ደካማ ስለሆነ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ በቂ ክብደት ወደ ኋላ እንዲሄድ መኪናው ከፍ ማለት አለበት። ልጆቹ ይህን በሙከራ ደረሱበት፣ መኪኖቻቸውን አነሡ፤ አንዳንዶቹ ከልክ አለፉ። ማኅበሩም የክራንክ ሻፍቱ መሐል ከመሬት ከ24 ኢንች በላይ እንዳይሆን ወሰነ። ጎማው ገፋ፣ ደንቡ ያዘ፤ ፎቶግራፍ ላይ የምናየው መልክ የወጣው በሁለቱ መሐል ነው።

አሁን ያንኑ መኪና ወስዳችሁ የዛሬውን ሰፊና ለስላሳ ጎማ ግጠሙለት። ጎማው መሬቱን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ ከፍ ያለው አካል ሁሉንም ክብደት ወደ ኋላ ይወረውራል፤ የፊት ጎማዎቹ መሬት ይለቃሉ፣ መሪው አይታዘዝም። ስለዚህ ባለቤቱ መኪናውን ዝቅ ያደርጋል፣ ከኋላ መንጋለያ ማገጃ ጎማ ያስገባል፣ በእጅ የሚቀየረውንም ካምቢዮ ጥሎ አውቶማቲክ ይገጥማል። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ሲደመሩ ግን የ1941 ዊሊስ ቆርቆሮ የለበሰ የዛሬ መኪና ቆሞ እናገኛለን። «ጎማ ላይ ደንብ ማብዛት ምንድን ነው» ለሚሉኝ መልሴ ይኸው ነው። ጎማው ሲለወጥ ቁመቱ ምክንያቱን ያጣል፤ ፍሪሲዮኑና ባሌስትራውም ተከትለው ይሄዳሉ።

ፋብሪካዎቹና የወረቀት ላይ ፈረስ ጉልበት

ከጋራዡ ልጅ ጎን ለጎን ፋብሪካዎቹም ከዚሁ መጽሐፍ ጋር ይታገሉ ነበር። የስቶክና የሱፐር ስቶክ ምድቦች መኪናው ለገበያ የቀረበ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ዲትሮይት ደግሞ «ለገበያ የቀረበ» የሚለውን እስከ ጥግ ለጠጠው። ፖንቲያክ በ1963 የካታሊናን ሻንሲ በቀዳዳ በሳስቶ አቀለለው፤ ሰዉም በስዊዝ አይብ ስም ጠራው። ፎርድ በ1964 መካከለኛዋ ፌርሌን ውስጥ የ427 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ጨምቆ ተንደርቦልት አላት። ክራይስለር በ1968 ያወጣው ባለ ሄሚ ሞተር ዶጅ ዳርት ደግሞ በር ላይ የመስታወት ማዞሪያ እንኳ አልነበረውም፤ ስስ መስታወቱ የሚነሣው በጨርቅ ማሰሪያ ተጎትቶ ነው። መኪናው የሕዝብ መንገድ ላይ እንዲነዳ አልተሠራም የሚል ማስጠንቀቂያም ተለጥፎበት ይሸጥ ነበር። የማዞሪያ ክብደት ስንት ግራም ቢሆን ነው? ያንን ያህል የተጨነቁት ሚዛን ላይ የሚወጣ መኪና ስለሚሠሩ ነው።

ማኅበሩ ፋብሪካው ያስታወቀውን የፈረስ ጉልበት እንዳለ አይቀበልም ነበር። ፎርድ የ1968ቱን ባለ 428 ኮብራ ጄት ማስታንግ 335 ፈረስ ጉልበት ነው ብሎ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ፖሞና ላይ አል ጆኒክ በዚህ መኪና ሱፐር ስቶክን አሸነፈ። ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተቀነሰ መሆኑ ለማንም ግልጽ ስለነበር ማኅበሩ ከፍ ያለ ግምት ሰጠው። ይህ አሠራር እስከ ዛሬ አለ፤ በእኔ ግምት ደንብ አውጪዎች ከሠሯቸው ብልህ ነገሮች አንዱ ነው። አምራቹን መዋሸት አይከለክለውም፤ ውሸቱን ግን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል።

ደንቡ ባይይዝ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ማስረጃም አለን። በ1964 የአክስሎችን ርቀት እስከ ሁለት በመቶ መለወጥ ተፈቅዶ ነበር። በ1965 ክራይስለር የኋላውን አክስል 15 ኢንች፣ የፊቱን 10 ኢንች ወደ ፊት አመጣና ፈጽሞ የተዛባ ቅርጽ ያላቸው መኪኖች ሠራ። ኤን ኤች አር ኤ በፋብሪካ ሙከራ ምድብ አልቀበልም አለ። መኪኖቹ ግን ገንዘብ ተከፍሏቸው ሁለት ለሁለት ወደሚሮጡበት ሜዳ ሄዱ፤ እዚያ ከልካይ አልነበረም። ካርቡራተሩ ወጣ፣ ናይትሮሜቴን የሚባለው ነዳጅ ገባ፤ በ1966 ዶን ኒኮልሰን ሙሉ አካሏ እንደ ክዳን የሚነሣ ኮሜት የተባለች መኪና ይዞ ቀረበ። ዛሬ ፈኒ ካር የምንለው ከዚያ መጣ። ድንቅ መኪና ነው፤ ፍጥነቱም ያስደነግጣል። ነገር ግን ከሱቅ ከሚገዛ መኪና ጋር ያለው ዝምድና በስም ብቻ ቀረ። ከልካይ የሌለበት መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ በሁለት ዓመት ውስጥ ታየ፤ ለአዲስ ምድብ መልካም ነው፣ ቅርስ እጠብቃለሁ ለሚል ግን አይሆንም።

ሰዓቱን እንሰር ወይስ ብረቱን?

የዛሬው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከቤከርስፊልድ አቅራቢያ ባለው የፋሞሶ ሜዳም ሆነ በሌሎች የድሮ ዘመን ውድድሮች አብዛኞቹ «ጋስ» የሚል ስም የያዙ ምድቦች የሚሮጡት በተወሰነ ሰዓት ነው። ምድቡ 9.60 ሰከንድ ተብሎ ከተወሰነ መኪናው ከዚያ ቢፈጥን ይወድቃል፤ ከዚያ ሳይፈጥን ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። በዚህ ሥርዓት ክብደት ለሞተር ይዘት ማካፈል ትርጉም የለውም። ሞተሩ አምስት ሊትር ይሁን ዘጠኝ ሊትር፣ ሰዓቱ ላይ እስከደረሰ ድረስ ልዩነት አያመጣም። በሌላው ጫፍ እንደ ሳውዝኢስት ጋሰርስ ያሉ ማኅበራት አሉ። የእነሱ አቋም ቁርጥ ያለ ነው፤ መኪናው ከ1967 ያልበለጠ፣ ካምቢዮው በእጅና በፍሪሲዮን የሚቀየር፣ ኤሌክትሮኒክስ የሌለው፣ ሩጫውም ቀድሞ የደረሰ የሚያሸንፍበት ይሁን ይላሉ።

የሰዓት ምድብን የሚደግፉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ቀድሞ የደረሰ የሚያሸንፍ ከሆነ ገንዘብ ያሸንፋል ይላሉ፤ ጡረታ የወጣ መካኒክ ያጠራቀማትን አፍስሶ የሠራት መኪና አንድ ባለሀብት ካሠራት ጋር ተሰልፋ በየሳምንቱ ልትሸነፍ ነው። ሰዓቱ ሲታሰር ግን ብልጫው ወደ ሾፌሩ ይመለሳል፤ መብራቱን አንብቦ የተነሣና መኪናውን የሚያውቅ ያሸንፋል። ሜዳውም በሰው ይሞላል። ይህን ሙሉ በሙሉ የምቀበልበት ቦታ አለ። ከ1959 እስከ 1967 የተሠሩት መኪኖች በሚሮጡበት የድሮ ዘመን ሱፐር ስቶክ ሰዓት ማሰር ትክክል ነው። ያኔ የተሠሩት እውነተኛ መኪኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ከሩጫ ይልቅ ለሙዚየም የሚገባ ሆኗል፤ አብዛኛው ተወዳዳሪ የሚሮጠው አስመስሎ በሠራው ነው። አንድ ብርቅ መኪና ፒስቶኑ እስኪወጣ እንዲነዳ ማስገደድ ቅርስ መጠበቅ አይሆንም።

ጋስ ላይ ግን አልስማማም። ምክንያቱም የጋስ ምድብ ፍሬ ነገሩ ስሌቱ ነበር። 91 ፓውንድ የት ላስቀምጥ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ከሌለ፣ አሥር ኢንቹን እስከ መጨረሻው ክር ልጠቀም የሚል ከሌለ፣ የቀረው የድሮ መኪኖች ሰልፍ ነው። በወጪ ጉዳይም ክርክሩ እንደሚባለው የጠነከረ አይደለም። ገንዘብ ልክ የሚያጣው የብረቱ ደንብ ሲላላ ነው። ጎማው ሲታሰር፣ ካምቢዮው በእጅ ሲሆን፣ ኤሌክትሮኒክስ ሲከለከል ከተወሰነ ደረጃ በላይ የተጨመረ ፈረስ ጉልበት ጎማ ከማጨስ በቀር የሚሰጠው ጥቅም ይቀንሳል። ባለሀብቱ መግዛት የሚችለውን ጎማው አላወርድም ይለዋል።

ከዚህ የሚጠነክረው ሌላው ተቃውሞ ነው። የ1960ዎቹ ልጆች የተገኘውን ምርጥ ነገር ሁሉ ይገጥሙ ነበር፤ ዛሬ ቢኖሩ የዛሬውን ይገጥማሉ፤ ስለዚህ ዘመንን 1967 ላይ ማቆም መንፈሳቸውን መክዳት ነው ይባላል። ለዚህ ክርክር ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ «ኦሃዮ» ጆርጅ ሞንትጎመሪ ነው። በ1933 ዊሊሱ ብዙ ካሸነፈ በኋላ በ1967 ዊሊሱን ትቶ ዝቅ ያለ፣ ነፋስ የሚሰነጥቅ ማስታንግ አመጣ፤ መጽሐፉን አንብቦ ደንቡ የሚፈቅደውን ነበር ያደረገው። እውነት ነው፣ ናፍቆት አላሰረውም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውንም እንይ። ሌሎቹ ተከተሉት፤ ጎማው ተሻሻለ፣ አፍንጫው ወረደ፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ሕዝብ የሚወደው ጋሰር ከሜዳ ጠፋ። ሞንትጎመሪ ያኔ ሕያው ምድብ ውስጥ ይወዳደር ነበርና ወደ ፊት መሮጥ መብቱም ግዴታውም ነው። ወደ ፊት መሮጥ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ሜዳ አላጣም፤ የዘመኑ ምድቦች ሁሉ ክፍት ናቸው። የድሮ ዘመን ምድብ የተቋቋመው ያንን የትግል ወቅት ሳይሞት ለማቆየት ነው፤ ለዚህ ደግሞ መቆሚያ ዓመት ያስፈልጋል። መቆሚያው 1967 መሆኑም ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው ሌላ ዓይነት መኪና ነውና።

ወደ ድሮው የማይመለሰው

አንድ ቦታ ላይ ግን ለዘመን ታማኝነት የሚባለው መቆም አለበት፤ እሱም የሰው ሕይወት ነው። የያኔው ሾፌር እግሩ ሥር የሚሽከረከር የብረት ቮላኖና ፍሪሲዮን ነበረው፤ ሲፈነዳ ወለሉን ሰንጥቆ ይወጣል። ዶን ጋርሊትስ በመጋቢት 1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ በላየንስ ሜዳ የመኪናው ካምቢዮ ፈንድቶ የእግሩን ከፊል ቆርጦታል። ከዚያ ተነሥቶ ነው በቀጣዩ ዓመት ሞተሩን ከኋላው ያደረገ መኪና ይዞ የተመለሰው። ስለዚህ የፍሪሲዮን ቤት ፍንዳታ የሚችል ብረት ይሁን፣ የመገልበጫ መከላከያ ብረት በዛሬው መስፈርት ይበየድ፣ የራስ ቁሩና ቀበቶው አዲስ ይሁን ሲባል «በ1963 ይህ አልነበረም» የሚል ሰው ሊደመጥ አይገባም። እነዚህ ነገሮች መኪናውን አያፈጥኑትም፤ ክብደት ስለሚጨምሩ እንዲያውም ስሌቱ ውስጥ ገብተው እንደ ማንኛውም ፓውንድ ይቆጠራሉ።

ከባዱ ሥራ የሚቀረው በዓይን በማይታየው ላይ ነው። የድሮ ዲስትሪቢዩተር ክዳን ውስጥ የዛሬ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ መደበቅ ይቻላል። ሾፌሩ የመጀመሪያዋን ቢጫ መብራት አይቶ ቁልፍ ሲለቅ ቀሪውን ሰከንድ ክፍልፋይ ቆጥሮ መኪናውን የሚያስነሣለት ሣጥንም መሸሸጊያ አያጣም። በርካታ የድሮ ዘመን ምድቦች ይህን ሣጥን ይከለክላሉ፤ መከልከሉ ግን የሚሠራው ክዳን የሚያስከፍት ፈታሽ ካለ ነው። ለጎማና ለቁመት ሜትር ይበቃል፤ ለሽቦ የሚበቃው የሚያውቅ ሰው ነው። ማኅበራቱ ለሽልማት ከሚያወጡት ገንዘብ ከፊሉን ለፈታሽ ቢያውሉት ምድባቸው ይጠበቃል። አንድ ነገር ደግሞ ያለ ወጪ ዛሬውኑ ሊያደርጉ ይችላሉ። ድሮ የመኪናው ምድብ በነጭ የጫማ ቀለም መስታወቱ ላይ ይጻፍ ነበር። ከምድቡ ጎን ሚዛኑ የሰጠው ክብደትና የሞተሩ ይዘት አብረው ይጻፉ፤ አጥር ላይ ተደግፎ የሚያየው ሰው ራሱ ያካፍል፣ ያልገባውንም ባለቤቱን ይጠይቅ።